ያገለገለ የፕላስቲክ ፊልም ካሜራ ስትገዙ የሚነገሯችሁ ልክ ያልሆኑ ነገሮች

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ፣ ሆልጋ ወይ ዲያና የሚባሉትን የፕላስቲክ ካሜራዎች ከቴሌግራም ወይ ከውጭ ከሚመጣ ሰው ልትገዙ ካሰባችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እዩት።

«ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይበላሻል?»
ብዙ ነገር! ሻጩ ፊት የኋላ ክዳኑን ክፈቱትና ሻተሩን (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን መክፈቻ) ደጋግማችሁ ጫኑት፣ በሌንሱ በኩል ብርሃን ብልጭ ማለት አለበት። ቀጥሎ ባዶው ስፑል (የፊልም መጠቅለያው) ውስጡ እንዳለ እዩ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ያለሱ ግን ፊልሙ የሚጠቀለልበት የለም። ሆልጋ ላይ ደግሞ ጎንና ጎኑ ያሉትን የብረት መቆለፊያዎች ፈትሹ፣ የአንገት ማንጠልጠያው የሚታሰረው እነሱ ላይ ስለሆነ ሲላሉ ክዳኑ መንገድ ላይ ተከፍቶ ፊልሙን ሙሉ ያቃጥላል። ጨለማ ክፍል ገብታችሁ የስልክ መብራት ውስጡ አብርታችሁ ከዘጋችሁት ብርሃን የሚያፈስበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እሱን በጥቁር ናስትሮ ሸፍኑት።

«ፀሐይና ደመና ምልክት ስላለው ብርሃን ያስተካክላል»
በድሮዎቹ ሆልጋዎች ላይ የፀሐይና የደመና መቀየሪያው ወዲህም ወዲያም ቢል ለውጥ የለውም። ሻተሩም ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ወደ 1/100 ሰከንድ። ስለዚህ ብርሃን የምትመርጡት በፊልሙ ነው፣ ለኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ 100 አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) ይበቃል፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ደሴ ውስጥ ከ400 በታች ባትሞክሩ ይሻላል።

«ማንኛውም ፊልም ይገባዋል»
አይገባም። የሚወስደው 120ን ነው፣ ሰፊውንና ጀርባው ወረቀት ያለውን፣ ድሮ የምናውቀውን 35 ሚሊሜትር አይደለም። 120 ደግሞ ጠፍቷል የሚሉትን አትስሙ፣ ኢልፎርድም ኮዳክም ዛሬም ያመርታሉ። ስትጭኑት ግን ጥላ ውስጥ ይሁን።

«አንቲክ ነው»
ዲያና የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ሥራ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ዲያና ኤፍ ፕላስ ከተባለ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የተሠራ ነው፣ ሆልጋም እ.ኤ.አ. በ2015 ቆሞ በ2017 እንደገና መመረት ጀምሯል፣ አንቲክ ብለው ዋጋ ሲቆልሉባችሁ ይሄን ንገሯቸው።

«ፎቶ ቤት ያጥብልኛል»
ዲጂታል ብቻ የሚያትም ፎቶ ቤት ፊልም አያጥብም፣ ካሜራውን ሳትገዙ ጠይቁ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ይታጠባል፣ ማጠቢያው ታንክ ውስጥ የሚገባው ሪል (ፊልሙ የሚጠመጠምበት) ለ120 የሚሰፋ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ የ35ቱ አይዘውም።