ዘመናዊ ባርነት በአትክልተኛው ድርጅት ደጃፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሪታንያ ውስጥ ሣር የሚያጭድ፣ አጥር የሚከረክም፣ የሰው ግቢ ላይ ድንጋይ የሚያነጥፍ ድርጅት ስለ ባርነት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል። ሥራው አበባና አፈር ነውና። ነገር ግን ጓንቱም፣ ንጣፍ ድንጋዩም፣ ችግኙም፣ በበጋ የሚጨምራቸው የጉልበት ሠራተኞችም በብዙ ሰው እጅ አልፈው ነው የሚደርሱት። በመሃል የሚበደለውን ሰው እንዳናይ የሚጋርዱን አመለካከቶች ጥቂት አይደሉም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ባርነት ድሮ ቀርቷል»

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት፣ በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያሠራቸው የግል አሠሪ ነው። የዛሬ ማሰሪያው ዕዳ፣ የተወሰደ ፓስፖርት፣ ሳይከፈል የተያዘ ደመወዝ፣ «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው አንባቢ ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። «ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው» የሚለውን ቃል በስልክ ሰምቶታል።

«ፈቅዶ ነው የመጣው፤ ማን አስገደደው?»

የ2015ቱ የብሪታንያ የዘመናዊ ባርነት ሕግ በመጀመሪያው አንቀጹ ይህንን በር ዘግቶታል፦ ሰውየው መስማማቱ ብቻ በባርነት አልተያዘም አያሰኝም። ምክንያቱም የተስማማበት ሥራና ደርሶ ያገኘው ሥራ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

የወቅታዊ ሠራተኞችን ቪዛ እንውሰድ። አትክልትና ፍራፍሬ ለመልቀም የሚሰጠው ለ6 ወር ብቻ ነው። በ2022 ከኢንዶኔዥያ ወደ እንግሊዝ እርሻ የመጡ ለቃሚዎች፣ ለአገራቸው ደላሎች ለመክፈል ሲሉ እስከ 5,000 ፓውንድ ዕዳ ውስጥ መግባታቸውን ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። መሬቱን ወይም የቤተሰቡን ቤት አስይዞ የመጣ ሰው የሥራ ሰዓቱ ቢቀነስበት፣ ማደሪያው ቢያፈስበት፣ አለቃው ቢሰድበው ምን ይላል? ባዶ እጁን ቢመለስ አበዳሪው ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል። የብሪታንያ ሕግ አገናኝ ኤጀንሲ ሥራ ፈላጊውን ሥራ ስላገኘለት ገንዘብ እንዳይጠይቀው ይከለክላል፤ ባሕር ማዶ ያለውን ደላላ ግን በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ የሚቀጥረው ድርጅት ራሱ መጠየቅ አለበት፦ «ለዚህ ሥራ ለማን፣ ስንት ከፈልክ?» ጥያቄው በሠራተኛው ቋንቋ፣ ፎርማኑ በሌለበት ይቅረብ። ከፍሎ ከተገኘ ደግሞ ገንዘቡ ይመለስለት። የቅጥር ወጪን አሠሪው ይሸፍን የሚለው መርህ እዚህ ላይ ካልሠራ የትም አይሠራም።

«ደመወዙ በባንክ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው»

እኔ ከሁሉ በላይ አደገኛ የምለው ይህንን ነው። በ2019 በርሚንግሃም በተጠናቀቁ ሁለት ችሎቶች 8 የፖላንድ ተወላጆች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሰለባዎቻቸው ከ400 በላይ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ፖሊስ ገምቷል። የሚመለምሉት ቤት የሌላቸውን፣ ከእስር የወጡትን፣ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን የአገራቸውን ልጆች ነበር። ሰዎቹ እርሻና የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ገብተው ይሠራሉ፤ ደመወዝ ከፋዩ ትክክለኛ ድርጅት ነው። ብዙዎቹ የባንክ ሒሳብ ተከፍቶላቸዋል፣ ካርዱ ግን በወንበዴዎቹ እጅ ነበር። ወረቀቱን ብቻ ያየ የሒሳብ ሠራተኛ ምንም ጉድለት አያገኝም።

ምልክቱ ግን እዚያው ወረቀት ላይ ይወጣል፦ የአምስት ሰው ደመወዝ ወደ አንድ ሒሳብ ሲገባ፣ አሥር ሠራተኛ አንድ አድራሻና አንድ ስልክ ቁጥር ሲያስመዘግብ። ሜዳ ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚመልሰው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ቫን መጥተው በዚያው ይመለሳሉ፤ በዝናብ ቀን ጃኬትም ቦት ጫማም የላቸውም። ንዑስ ተቋራጭ ያመጣቸው ሠራተኞች «የእኛ አይደሉም» ተብለው ከዚህ ማጣራት መቅረት የለባቸውም። የእርስዎን ሣር ነው የሚያጭዱት።

«ድንጋዩ የምስክር ወረቀት አለው»

በብሪታንያ ጓሮዎች የሚነጠፈው ሳንድስቶን (የአሸዋ ድንጋይ) በብዛት የሚመጣው ከሕንድ ራጃስታን ነው። ቡድፑራ በምትባል መንደር አካባቢ ከካባው የተጣለው ትራፊ ድንጋይ ክምር ላይ ሴቶችና ልጆች መሬት ቁጭ ብለው በመዶሻና በመሮ ኮብልስቶን ይጠርባሉ። ክፍያው በቁጥር ነው። ሰብሳቢው መጥቶ ከየቤቱ ደጅ ይወስድና ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል። ካባ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ከአለቃ ብድር ይወስዳሉ፤ ሕንድ የዕዳ ባርነትን በ1976 በሕግ ብትከለክልም ብድሩ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። አቧራው ሳንባ የሚያደርቅ ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል፤ አባት ሲታመም ዕዳው ወደ ልጅ ያልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮብልስቶን ሲጠረብ አጠገቡ የቆመ ሰው ያ አቧራ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ኦዲተሩ ብዙ ጊዜ የሚጎበኘው ድንጋዩ የሚቆረጥበትንና የሚታሸግበትን ፋብሪካ ነው። የምስክር ወረቀቱ ስለዚያ ግቢ እውነቱን ይናገር ይሆናል። መንደሩ ደጃፍ ላይ ስለተጠረበው ግን ምንም አይነግርዎትም። አስመጪውን የሚጠይቁት ይህ ድንጋይ ከየትኛው ካባ ወጣ፣ በማን እጅ ተጠረበ ብለው ነው። መልስ ከሌለው መልሱ ያ ነው።

«ችግር ከተገኘ ወዲያው ውል ማቋረጥ ነው»

አቅራቢውን ጥሎ መሄድ ዕዳ ያለበትን ሠራተኛ ከነዕዳው ጥሎ መሄድ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2020 የአሜሪካ ጉምሩክ የማሌዥያውን ግዙፍ የጎማ ጓንት አምራች ቶፕ ግላቭን ምርቶች አገደ። ኩባንያው ለቅጥራቸው ገንዘብ ለከፈሉ የውጭ አገር ሠራተኞች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ መለሰ፤ እገዳው በመስከረም 2021 ተነሣ። ገንዘቡ ወደ ሠራተኛው ኪስ የተመለሰው ገዢው አገር በሩን ዘግቶ የሚከፈትበትን ቅድመ ሁኔታ ስለተናገረ ነው። መቋረጥ ያለበት አቅራቢው ማስተካከል እንቢ ሲል ነው።

«መግለጫ አውጥተናል፣ ግዴታችንን ተወጥተናል»

የ2015ቱ የብሪታንያ ሕግ ዓመታዊ ገቢያቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅቶች ባርነትን ለመከላከል ስለወሰዱት እርምጃ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ፣ ቦርዱ እንዲያጸድቀው፣ ዳይሬክተር እንዲፈርምበት ያዛል። ግን «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» ብሎ መጻፍም በሕጉ ይፈቀዳል። መግለጫ ብቻውን አንድም ሰው ነፃ አላወጣም። ከዚያ ገቢ በታች ያሉ ትናንሾችም ቢሆኑ ሰውን በባርነት የመያዝ ወንጀል ሁሉንም እንደሚመለከትና ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እንደሚደርስ ይወቁት።

«ዝቅተኛ ደመወዝ ሁሉ ባርነት ነው»

ይህ ደግሞ በሌላ በኩል ያለ ስህተት ነው። የአውሮፓን ግቢዎች ከሚያስውቡት አበቦች አንዳንዶቹ ሥር ሳያወጡ በቁርጥራጭነት ከኢትዮጵያ፣ ከቆቃ አካባቢ በአውሮፕላን የሚሄዱ ናቸው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ መጠኑን ራሱ አላስቀመጠም። አነስተኛ ደመወዝ በደል ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ሥራውን ትታ መሄድ የምትችል ከሆነ ባርነት አይባልም። ሁለቱን ማደባለቅ መውጣት ያልቻለችውን ሠራተኛ ይሸፍናታል። የቆቃዋም ሠራተኛ የሚያስፈልጋት ኑሮ የሚያኖር ክፍያ የሚከፍል ገዢ ነው።

«ካየን ራሳችን እንጋፈጣቸው»

አይሆንም። የሠራተኞቹን አለቃ ማፋጠጥ ሰዎቹ በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ቦታ እንዲወሰዱ ምክንያት ይሆናል፤ አገር ቤት ያለ ቤተሰባቸውም ሊጎዳ ይችላል። ያዩትን ቀን፣ ቦታና የቫን ሰሌዳ ይመዝግቡና ብሪታንያ ውስጥ በ08000 121 700 ለዘመናዊ ባርነት የእርዳታ መስመር ይደውሉ። ስም መስጠት ግዴታ አይደለም። ሰው ወዲያውኑ አደጋ ላይ ከሆነ 999 ይደውሉ።