ሁለተኛ ራውተር ፍጥነት አይጨምርም፤ ገመዱም በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ አይሰካም

ኔትወርክ መዘርጋት ሥራዬ ነው። «ሁለተኛ ራውተር ገዛሁ፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው» የሚል ቅሬታ ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ያው መሆኑ አይቀርም። የምትከፍሉበት መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ አምስት ራውተር ብትደረድሩም 10 ሜጋቢት ነው። ሁለተኛው የሚያሰፋው ዋይፋዩ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን «ገመዱን ሰካሁት፤ ጨረስኩ» የሚለው ነው። ከዋናው ራውተር የመጣውን ገመድ በሁለተኛው ራውተር ላይ ዋን (WAN፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት) በተባለው ቀዳዳ ይሰኩታል፤ ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ራውተር ግን ከጀርባው የራሱን ሌላ ኔትወርክ መሥርቷል። አንዲት ደንበኛዬ ፕሪንተራቸው የተበላሸ መስሏቸው ሌላ ሊገዙ ተነሥተው ነበር። ሄጄ ሳየው መኝታ ቤት ከሁለተኛው ራውተር ጋር የተያያዘው ፕሪንተር 192.168.0.5 የሚል አድራሻ ይዟል፤ ሳሎን ከዋናው ጋር የተያያዘው ላፕቶፕ ደግሞ 192.168.1.20። ሦስተኛው ቁጥር መለያየቱ ሁለቱ በተለያየ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛው ራውተር ከሳሎን የሚመጣውን ጥያቄ ከውጭ እንደመጣ ቆጥሮ ይመልሰዋል። ፕሪንተሩ አንዳች እንከን አልነበረበትም።

አክሰስ ፖይንት (የራሱን ኔትወርክ ሳይመሠርት የዋናውን ዋይፋይ ብቻ የሚያዳርስበት አሠራር) የሚል ምርጫ ያለው ራውተር ከሆነ እሱን ምረጡና መመሪያው በሚያሳየው ቀዳዳ ሰኩ። ከሌለው ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ከዋናው ጋር ሳታገናኙ ሁለተኛውን ብቻውን ከኮምፒውተር ጋር አያይዙት። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ የሁለተኛውን አድራሻ 192.168.1.2 አድርጉት፤ ይህ ቁጥር ዋናው ለሌሎች ከሚያድላቸው ውስጥ እንዳይሆን አረጋግጡ። በአዲሱ አድራሻ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ተመልሳችሁ ግቡና ዲኤችሲፒን (DHCP፣ ለስልክና ለኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ገመዱን ከዋናው ላን (LAN፣ የቤት ውስጥ ዕቃዎች የሚሰኩበት ቀዳዳ) ወደ ሁለተኛው ላን ሰኩ፤ የዋን ቀዳዳ ባዶ ይቅር።

«ዲኤችሲፒ በሁለቱም ላይ ቢበራ ምን ችግር አለው?» አለው። ሁለቱ ለሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት አድራሻ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ብልሽቱም አንድ ቀን ታይቶ አንድ ቀን ስለሚጠፋ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል።

«የዋይፋዩ ስም መለያየት አለበት» የሚባለውም ስሕተት ነው። ስሙ፣ የይለፍ ቃሉና የደኅንነት ዓይነቱ አንድ ይሁን፤ የሚለየው ቻናሉ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ መስመር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን 1 ላይ፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ።

«ገመድ አልባ የዋይፋይ ማራዘሚያም ያው ነው» ለሚሉኝ፦ በአንድ ሬዲዮ (የሞገድ ክፍል) የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ማራዘሚያ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የኤተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ግድግዳ መብሳት ቢያስፈልግም ገመዱን ዘርጉ።