አለት መቼ ይታጠፋል፣ መቼ ይሰበራል?

ጫናና የቅርጽ ለውጥ አንድ አይደሉም። ጫና አለቱን የሚገፋው፣ የሚስበው ወይም ጎን ለጎን የሚያፋትገው ኃይል ነው፤ የቅርጽ ለውጡ የአለቱ ምላሽ ነው። የሚያምታታው ግን ያው አለት አንዴ መታጠፉ፣ አንዴ መሰበሩ ነው። በጥልቀት ሙቀቱም የላዩ ክብደትም ስለሚበረታ፣ ቀስ ተብሎ ሲገፋ እንደ ሞቀ ሰም ይተጣጠፋል (ቀስ ሲባል ሚሊዮን ዓመታት ማለት ነው)። ከላይ ግን ቀዝቃዛው አለት ጫናውን አምቆ ይቆይና በድንገት ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1906 የካሊፎርኒያው ሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ሲንሸራተት፣ በላዩ ያለፈ ቀጥ ያለ አጥር ለሁለት ተቆርጦ ጫፎቹ ከ2 ሜትር በላይ ተራራቁ። ከሁለት ጎን መገፋት፣ የባሕር ወለል የነበረውን አለት ጭምር አጣጥፎ የሂማላያን ተራሮች አነሳ፤ ኤቨረስት አናት ላይ የባሕር እንስሳት ቅሪት የሚገኘው ለዚህ ነው። ወደ ሁለት ጎን መሳብ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ያወጣል።