የግጦሽ መሬት «የመሸከም አቅም» ምንድን ነው?

ድርቅ በገባ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ ብቅ ይላል፦ «መሬቱ የሚሸከመው አምስት መቶ ከብት ነው፤ አርቢዎቹ ስምንት መቶ አሰማሩበት፤ ታዲያ ምን ይጠበቃል?» «የመሸከም አቅም» የሚባለው ይህ ነው፤ መሬቱ ሳይጎዳ ሊመግበው የሚችለው የከብት ብዛት። አምስት መቶ የምትለዋ ቁጥር ግን የየትኛው ዓመት ናት? ይህን የሚጠይቀው የለም።

ሰውየው መሬቱን እንደ አውቶቡስ ነው የሚያየው፤ ወንበሩ የተቆጠረ፣ ትርፍ የጫነ የሚቀጣበት። ይሁን፣ አውቶቡስ ነው እንበል። ግን ወንበሮቹ ዝናብ ሲዘንብ የሚበቅሉ፣ ተሳፋሪዎቹም በጉዞ ላይ የሚበሏቸው አውቶቡስ ነው።

250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በዓመት 2.3 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ሄክታር በደግ ዓመት 2 ቶን ቢሰጥና ግማሹን ብናስግጥ፣ ለአንድ ከብት 2.3 ሄክታር ይበቃዋል። በድርቅ ምርቱ ወደ ግማሽ ቶን ቢወርድ ያው ከብት ከ9 ሄክታር በላይ ይሻል። አማካዩን ይዞ የሚያሰማራ ሰው በደጉ ዓመት ሣር ያተርፋል፣ በክፉው ከብት ይቀብራል።

ግማሹን ብቻ የምናስግጠው ለሥሩ ስንል ነው። ሣር ከቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲነጭ የሥሩ እድገት እየተገታ ይሄዳል፤ ሥሩ ያጠረ ሣር ደግሞ ዝናብ ቢመጣም ቶሎ አያገግምም። ወንበሩን ከነእግሩ የበላ ተሳፋሪ ለሚቀጥለው ጉዞም መቀመጫ አላስቀረም። (በደረቅ አካባቢ ግማሹም ሊበዛ ይችላል። ከውኃ እጅግ የራቀ ሣርም ስሌት ውስጥ ይገባል እንጂ ከብት ሆድ ውስጥ አይገባም።)

ከልክ በላይ የሚያሰማራ አርቢ የለም አልልም። ነገር ግን ዝናቡ ከዓመት ዓመት በሚዋዥቅበት አገር የሚጠቅመው ጥያቄ «ዝናቡ እስከዚህ ቀን ካልጣለ የትኞቹ ከብቶች ይወጣሉ?» የሚለው ነው። አስቀድሞ ቀን የቆረጠ አርቢ ያረጁና የመከኑ ላሞችን ገና ሥጋ እያላቸው ይሸጣል፤ የሚወልዱትን ያቆያል። መንጋው እስኪከሳ የጠበቀው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣና የወደቀ ዋጋ ይጠብቀዋል።

ያው አስተያየት ሰጪ መንጋ ይዞ ሌላ ግጦሽ ፍለጋ መሄድን «ሥርዓት አልበኝነት» ይለዋል። ወንበር ካልበቀለበት አውቶቡስ ወርዶ በበቀለበት መሳፈር ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? እርግጥ ነው፣ ይህም የሚሆነው የሚሄዱበት ግጦሽ ካልታረሰ፣ መንገዱም ካልታጠረ ነው።