አጃቢ ሙዚቀኛ ምንድን ነው?

አጃቢ ሙዚቀኛ የሚባለው በሌላ ሰው ስም በሚወጣ አልበም ላይ ቤዝ፣ ድራም፣ ፒያኖ ወይም ሌላ መሣሪያ የሚጫወት ባለሙያ ነው። በጃዝ ዓለም ከአሳታሚው ጋር የሚዋዋለውና ስሙ በሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚጻፍለት የባንዱ መሪ ሲሆን፣ አጃቢው ለቀረጻው የሚገባውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ስሙም የሚገኘው በሸክላው ሽፋን ጀርባ በደቃቅ ፊደል ነው። ልዩነቱ የውልና የኃላፊነት እንጂ የችሎታ አይደለም።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው የሚመጡትን ጨምሮ፣ ጃዝ ወዳዶች ቡና ይዘው ሲቀመጡ የትኛው አልበም እንደሚበልጥ መከራከራቸው አይቀርም። የመለከት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሁልጊዜ ይነሣል፤ ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በማይልስና በሳክስፎኒስቱ በጆን ኮልትሬን ላይ ያበቃል። በእኔ እምነት ግን በ1959 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸው ይህ አልበም ያለ ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ቻምበርስና ያለ ድራመሩ ጂሚ ኮብ አይታሰብም።

ማስረጃው የመጀመሪያው ዜማ «ሶ ዋት» ነው። ከዝግተኛው መግቢያ በኋላ ዋናውን ዜማ የሚይዘው መለከቱ ሳይሆን የቻምበርስ ቤዝ ነው፤ በወሎ መንዙማም ሆነ በሠርግ ዘፈን እንደምናውቀው አውራጅና ተቀባይ፣ ቤዙ ብቻውን ይላል፣ ፒያኖውና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በሁለት አጫጭር ድምፆች ይቀበሉታል። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ማይልስ ብቻውን መጫወት ሲጀምር ኮብ ሲምባሉን (ከድራሙ ጋር ያለውን የብረት ሳህን) አንድ ጊዜ ይመታዋል፤ ድምፁ ወዲያው አይጠፋም፣ እየሳሳ ሲሄድ መለከቱ በላዩ ላይ ይገባል። ይህን በስልክ ድምፅ ማጉያ ለመስማት የሚሞክር ሰው ቤዙን ከነጭራሹ ያጣዋልና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል።

በዚያው አልበም ፒያኖውን በብዛት የሚጫወተው ቢል ኢቫንስ ነው፤ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» በተሰኘው ዜማ ላይ ብቻ ግን ዊንተን ኬሊ ተተክቷል። ኬሊ በዚያን ጊዜ የባንዱ መደበኛ ፒያኒስት ሆኖ ሳለ ለአንድ ዜማ ብቻ ተቀመጠ፤ የብሉዝ አጨዋወቱም ዜማውን ከሌሎቹ በግልጽ ይለየዋል። ስሙ ሲጠራ እምብዛም አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

አጃቢዎችን በስም ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደመጥ ይጠቁማል። ቻምበርስን የተከተለ አድማጭ የኮልትሬንን «ጃይንት ስቴፕስ» ያገኛል፤ እዚያ «ሚስተር ፒ.ሲ.» የተባለው ዜማ የተሰየመው በቻምበርስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ከዚያም ኬሊንና ቻምበርስን ከድራመሩ አርት ብሌኪ ጋር ወዳገናኘው ወደ ሳክስፎኒስቱ ሃንክ ሞብሊ «ሶል ስቴሽን» ይደርሳል፤ ይህም በ1960 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ነው። ቻምበርስ በ1969 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቱ ሲያርፍ እጅግ ብዙ ቀረጻ ላይ አሻራውን ትቶ ነበር፤ አብዛኛው ግን በሌሎች ስም ነው።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም ባበረከተችው ወሎ፣ ወንዱ ማሲንቆ እየመታ ሴቷ ስትዘፍን ከጭፈራው በኋላ የሚወደሰው በአብዛኛው የዘፋኟ ስም ነው። በዘመናዊው ሙዚቃችንም «ኧረ መላ መላ» ሲባል ሁሉም ማሕሙድ አሕመድን ይጠራል፤ አጃቢው አይቤክስ ባንድ እንደነበር፣ በዚያ ባንድ ውስጥም ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም እንደነበሩ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ዘፈኑን ቃሉን ትቶ ቤዙን ብቻ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ፣ የአጃቢን ሥራ ለመረዳት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው ነው።