የጤና ማኅበራዊ ወሳኞች ምንድን ናቸው?

አስም ያለበት ልጅ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ይገባል። ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ መድኃኒቱን ይስባል፣ በማግስቱ ደህና ሆኖ ይወጣል። የሚመለሰው ግን ግድግዳው ረጥቦ ሻጋታ ወዳወጣ አንድ ክፍል ቤት ነው። ምግብ እዚያው ይበስላል፣ ልጁም እዚያው ይተኛል። ትንሽ ቆይቶ ያው ልጅ እንደገና ድንገተኛ ክፍል ይገኛል። ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ደረቅ ቤት ግን ማዘዣ ላይ አይጻፍም።

የጤና ማኅበራዊ ወሳኞች የሚባሉት እንዲህ ያሉት ነገሮች ናቸው። ሰው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚሠራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ገቢ፣ ትምህርት፣ የሥራ ዓይነት፣ ውሃ፣ አየር፣ ሲቸግር ደርሶ የሚያግዝ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ መድልዎም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ሰብሳቢው እንግሊዛዊው የጤና ተመራማሪ ማይክል ማርሞት ሲሆን ሪፖርቱ በ2008 ወጣ።

ማርሞት ስሙ የገነነው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በኋይትሆል ጥናት። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ 18 ሺህ ገደማ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለንደን ላይ ተከታተለ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ሕክምናም ነፃ ነው። የሚራብ የለም። ያም ሆኖ ተላላኪዎችና ዘበኞች ያሉበት የመጨረሻው እርከን፣ ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ጋር ሲነጻጸር የመሞት ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ሆነ። ይበልጥ የሚገርመው መሃል ላይ ያሉት ናቸው። ከላይ ሁለተኛ የሆነው እርከን እንኳ ከአንደኛው የባሰ ጤና ነበረው። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ጤናውም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የድሆች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ መካከለኛ ኑሮ ያለን ሰዎችም አለንበት።

«ሲጋራ ስለሚያጨሱ ይሆናላ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዝቅተኛ እርከን ላይ አጫሹ ይበዛ ነበር። ግን ማጨስ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ተደምረው እንኳ ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረውና ሴቶችንም ያካተተው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ፦ በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ጭንቀት ሲመጣ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ለአፍታ ከሆነ ይጠቅማል፣ ከአደጋ ያስመልጣል። ቀን ከሌት ሲሆን ግን ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

የተበከለ አየር ጤናን የሚጎዳበት መንገድ ደግሞ ቀጥተኛ ነው። ከማገዶ ጭስና ከመኪና የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት በ30 እጥፍ ያህል ያንሳል። ሳንባ ጥልቀት ድረስ ይዘልቃል፣ የተወሰነውም ደም ውስጥ ይገባል። ከሳል አልፎ ልብና አንጎልን የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የግል ጥንቃቄ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ግን ሁለት ሥራ ይዞ ሌሊቱን ሲሠራ የሚያድርን ሰው «በቂ እንቅልፍ ተኛ፣ ስፖርት ሥራ» ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሾፍ ነው።

ከራስ አቅም በላይ የሆነው ነገር ደግሞ በውሳኔ ይለወጣል። እርሳስ የተባለው ብረት የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን አልተገኘለትም። ለአሥርት ዓመታት ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ከመኪና ጭስ ጋር ይወጣ ነበር። ወላጅ ልጁን ከዚህ አየር በምን ይሸሽገዋል? አገሮች አንድ በአንድ ከለከሉት። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ሆነችና እ.ኤ.አ. በ2021 እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ወጣ። አንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ግን ዛሬም በእሱው ይበራሉ።