የ2019 የኤል ኤስ ዩ ነብሮች የውድድር ዘመን

መቀመጫው ባተን ሩዥ የሆነው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤል ኤስ ዩ) የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ በቅጽል ስሙ ነብሮቹ፣ እ.ኤ.አ. የ2019ን የውድድር ዘመን 15 ጨዋታ አድርጎ 15ቱንም በማሸነፍ ጨርሷል። 12ቱ መደበኛ ጨዋታዎች፣ አንዱ ቡድኑ የሚወዳደርበት ሊግ፣ የሳውዝ ኢስተርን ኮንፈረንስ፣ ፍጻሜ፣ ሁለቱ ደግሞ ያኔ አራት ቡድን ብቻ ይገባበት የነበረው የብሔራዊ ሻምፒዮና ጥሎ ማለፍ ነበሩ። በአጠቃላይ ያስቆጠረው 726 ነጥብ በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን እስከዚያ ድረስ ማንም ያልደረሰበት ነው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት እንደገና አራት ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፣ ማለትም ታችዳውን፣ 6 ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን ለተቀባዮች የሚወረውረው ኳርተርባኩ ነው።

ኤል ኤስ ዩ ለዓመታት የሚታወቀው በጠንካራ መከላከልና ኳስ ተሸክሞ በመሮጥ ነበር። ዋና አሰልጣኙ ኤድ ኦርጀሮን በ2018 10 አሸንፎ 3 ከተሸነፈ በኋላ የ29 ዓመቱን ጆ ብሬዲን ከፕሮፌሽናሉ ቡድን ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ አመጣ። ብሬዲ ከማጥቃት አሰልጣኙ ስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር ሆኖ የዘረጋው ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው፤ ኳስ መቀበል የሚፈቀድላቸው አምስቱም ተጫዋቾች፣ ሯጩን ጨምሮ፣ ሜዳው ላይ ተበትነው ይሮጣሉ። ለኳርተርባኩ ከለላ የሚቀሩት አምስት የመስመር ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ተጋጣሚው ስድስት ሰው ከላከ አንዱን የሚያግደው የለም፤ ስለዚህ ኳርተርባኩ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ማን እንደሚመጣ አንብቦ፣ የመጣው ተከላካይ ጥሎት ወደሄደው ቦታ ቶሎ መወርወር አለበት። ካመነታ ይወድቃል።

ጆ በሮው አላመነታም። ኦሃዮ ስቴት ውስጥ ቋሚ ቦታ አጥቶ፣ ዲግሪውን ይዞ በ2018 የመጣው ይህ ተጫዋች በዘመኑ ከወረወራቸው ኳሶች 76.3 በመቶው ተቀባይ እጅ ገብተዋል፤ 5,671 ያርድ፣ 60 ታችዳውን፣ በተጋጣሚ የተነጠቁበት 6 ብቻ። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማትንም ወሰደ፤ ለዩኒቨርሲቲው በ1959 ከቢሊ ካነን በኋላ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ግን ያለ ተቀባዮቹ አይታሰብም። ጃማር ቼዝ 1,780፣ ጀስቲን ጀፈርሰን 1,540 ያርድ ሰብስበዋል።

ዘዴው የተፈተነው ሁለተኛው ጨዋታ ላይ፣ ኦስቲን ውስጥ ከቴክሳስ ጋር ነው። ኤል ኤስ ዩ 37 ለ 31 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ 17 ያርድ ቀርቶታል። የድሮው ኤል ኤስ ዩ ቢሆን ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ ሰዓቱን ያስበላ ነበር። ቴክሳሶች በሮው ላይ ሰው ሲያዘንቡበት ግን እሱ ከመሃላቸው ሸሸት ብሎ ለጀፈርሰን ወረወረ፤ 61 ያርድ፣ ታችዳውን። ጨዋታው 45 ለ 38 አለቀ።

መድኃኒቱን ለማግኘት የቀረበው ኦበርን ብቻ ነው። ሦስት ሰው ብቻ ወደፊት ልኮ ስምንቱን ለሽፋን ወደኋላ ሲያስቀር የሚወረወርበት ክፍተት ጠበበ። ኤል ኤስ ዩ የዘመኑን ዝቅተኛ ነጥብ ቢያስቆጥርም 23 ለ 20 አሸነፈ፤ ወደኋላ የሸሸው መከላከል ፊት ለፊት ስለሳሳ ሯጩ ክላይድ ኤድዋርድስ ሂሌር 136 ያርድ ሮጠበት። ኖቬምበር 9 ደግሞ አላባማን በራሱ በአላባማ ሜዳ 46 ለ 41 ረቶ የስምንት ተከታታይ ሽንፈት ዕዳውን ዘጋ።

ይህ ቡድን እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። በሳምንቱ ኦል ሚስ 58 ለ 37 ቢሸነፍም በሩጫ ብቻ 402 ያርድ ገፍቶበታል፤ ከዚያ ውስጥ 212ቱ የኳርተርባኩ ነው። ተከላካዮቹ ተቀባዮችን ሲከተሉ፣ ኳሱን ራሱ ይዞ የሚሮጥ ኳርተርባክ መሃሉን ባዶ ያገኘው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ነጥብ በዝናብ ለሚያወርድ ቡድን አይታይበትም እንጂ ለሌላው ሽንፈት ነው።

ከዚያ በኋላ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ጆርጂያን 37 ለ 10፣ በብሔራዊው ግማሽ ፍጻሜ ኦክላሆማን 63 ለ 28 አሸነፈ። በኦክላሆማ ላይ በሮው ከዕረፍት በፊት ብቻ 7 ታችዳውን ወርውሯል። ጃንዋሪ 13 ቀን 2020 በኒው ኦርሊንስ ሱፐርዶም በተደረገው ፍጻሜ፣ 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣው ክሌምሰን 17 ለ 7 መርቶ ነበር። ኤል ኤስ ዩ 21 ነጥብ በተከታታይ አስቆጥሮ ዕረፍት ወጣ፤ በመጨረሻም 42 ለ 25 ዋንጫውን አነሳ። ቼዝ ብቻውን 221 ያርድ ሰብስቧል።

ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ተበተነ። 14 ተጫዋቾች በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤን ኤፍ ኤል፣ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተወሰዱ፣ በሮው ከሁሉ አንደኛ ሆኖ። ብሬዲ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ፣ የመከላከል አሰልጣኙ ዴቭ አራንዳ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ቤይለር ሄዱ፤ ቼዝም በ2020 ላለመጫወት ወሰነ። የአዲሱ ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ሚሲሲፒ ስቴት ባተን ሩዥ ድረስ መጥቶ 44 ለ 34 አሸነፈው፤ የሚሲሲፒ ስቴቱ ኳርተርባክ በዚያ ቀን የወረወረው 623 ያርድ ነበር።